የፊት ፍሬን ማሻሻል፦ ሸራ፣ ቱቦ፣ ማስተር ወይስ ካሊፐር?

የስፖርት ሞተር ያለው ሰው ይዋል ይደር እንጂ «የፊት ፍሬኔን ላሻሽል ነው፣ ምን ልግዛ?» ማለቱ አይቀርም። መልሱ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በብራንድ ስም ነው። አንዱ ብሬምቦ ይላል፣ የጣሊያኑን የፍሬን አምራች። ሌላው ቱቦውን ቀይር ይላል። ሦስተኛው፣ ፎቶ ላይ ያየው ወርቃማ ካሊፐር ዓይኑ ላይ የቀረበት፣ «ከእሱ በታች እንዳትገዛ» ብሎ ያርፈዋል። ሁሉም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁሉም ደግሞ ገንዘባችሁን ሊያስበሏችሁ ይችላሉ። እያንዳንዱ ዕቃ የሚያስተካክለው ችግር የተለያየ ነዋ። ለአዲስ ሰው ባጭሩ፦ ሌቨር በጣት የምትጎትቱት የፍሬን እጀታ ነው፤ ማስተር ጉልበታችሁን ወደ ዘይት ግፊት የሚቀይረው መሪው ላይ ያለው ሲሊንደር ነው፤ ቱቦ ዘይቱን ወደ ጎማው ያወርዳል፤ ካሊፐር ደግሞ በፒስተኖቹ ሸራዎቹን ገፍቶ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ያስነክሳል።

ስለዚህ ዕቃ ከመምረጣችሁ በፊት ሌቨሩን ስትይዙት የሚሰማችሁን ነገር በደንብ አስተውሉ። «አይዝም» ብቻ አይበቃም። ይሰምጣል? ይደርቃል? መጀመሪያ ይዞ በኋላ ይከዳል? ይንቀጠቀጣል? የምትገዙትን የሚወስነው እሱ ነው።

የጎደለው ጉልበት ላይሆን ይችላል

600 ሲሲና ከዚያ በላይ የሆነ ዘመናዊ የስፖርት ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ፣ በደረቅ አስፋልት ላይ በሁለት ጣት ብቻ የኋላ ጎማውን ከመሬት ማስነሳት የሚችል ፍሬን ይዞ ነው። ፍሬን ስትይዙ ክብደቱ ወደፊት ይሄዳል፣ የፊት ጎማው ይጫናል፣ የኋላው ይቀላል፤ ጠበቅ ካደረጋችሁት የኋላው ጭራሹን ይነሳል። ከዚያ በላይ ጉልበት ቢጨመርበት ሞተሩ ወደፊት ከመገልበጥ በቀር የሚያመጣው ነገር የለም። በ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየሄዳችሁ፣ ጎማው ጥሩ መንገዱም ደረቅ ሆኖ፣ በ1 ጂ አካባቢ (ከመሬት ስበት ጋር በሚተካከል ልክ) ብትይዙ 40 ሜትር ገደማ ላይ ትቆማላችሁ። ከዚህ ብዙ የተሻለ ነገር የትኛውም ካሊፐር አይሰጣችሁም፤ ገደቡን የሚያበጁት የጎማው መያዝና የሞተሩ ክብደት አቀማመጥ ናቸው።

ታዲያ ሰው ለምን ያሻሽላል? አንደኛው ምክንያት ስሜት ነው። ጣታችሁ በጨመረው ልክ ጎማው ላይ የሚጨመረው ግልጽ ሆኖ ሲሰማችሁ፣ ሳትፈሩ ወደ ገደቡ ትጠጋላችሁ። ግልጽ ካልሆነ ወይ ታንሳላችሁ ወይ ታበዛላችሁ። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ሞተሩና ነጂው አንድ ላይ 270 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። በ100 ሲሄዱ የነበረው ጉልበት ለመቆም ሲባል ወደ 104 ኪሎ ጁል ሙቀት ይቀየራል። በ200 ሲሆን ግን እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው፣ 417 ኪሎ ጁል ገደማ። ከተማ ውስጥ አንድም ቀን ያላስቸገረ ፍሬን ሩጫ ሜዳ ላይ ጥቂት ዙር ሄዶ የሚከዳው ለዚህ ነው። ሁለቱም ጉዳዮች በተለያየ ዕቃ ነው የሚፈቱት።

ሌቨሩ ምን ይላል?

ሌቨሩ ልስልስ ብሎ ወደ መሪው የሚሰምጥ ከሆነ ተጠርጣሪዎቹ በመስመሩ ውስጥ ያለ አየር፣ የቆየ የፍሬን ዘይት፣ ወይም ያረጀ የጎማ ቱቦ ናቸው። ሁለት ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ስትመቱት ከጠነከረ አየር አለ ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ አዲስ ካሊፐር መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። አየሩ አዲሱም ካሊፐር ውስጥ ይገባል።

ሌቨሩ ደርቆ፣ እናንተ በአራት ጣት እየጎተታችሁ ሞተሩ ግን እንደ ልቡ የሚሄድ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ሸራው በሙቀት አብረቅርቆ ጠጥሮ ይሆናል፣ ዘይት ነክቶት ይሆናል፣ ወይም ካሊፐሩ ውስጥ ያሉት ፒስተኖች ተጣብቀው ይሆናል። ሞተሩን ያገለገለ ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ትልቅ ማስተር ገጥሞበት እንደሆነ እዩ። ለምን እንደምል ማስተር ጋ ስንደርስ ይገባችኋል።

መጀመሪያ ጥሩ ይዞ ሲግል የሚከዳው ፍሬን ሁለት ዓይነት ነው፣ ሰዎችም ሁለቱን ያምታታሉ። ሌቨሩ እየሰመጠ መሪው ጋ ከደረሰ ዘይቱ ፈልቷል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፣ ስለዚህ የጣታችሁ ጉልበት እንፋሎቱን ጨምቆ ይቀራል። ሌቨሩ እንደጠነከረ ሆኖ መያዙ ብቻ ከጠፋ ግን የተሸነፈው ሸራው ነው። የመጀመሪያው መፍትሔ ዘይት ነው፣ የሁለተኛው ሸራ። ቀላል ነገር ነው፣ ግን ይህን ባለመለየት ብዙ ሰው ያልተበላሸውን ሲቀይር ይከርማል።

ሌቨሩ በጣታችሁ ላይ እየመታ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወደ ዲስኩ ሂዱ።

ምንም ሳትገዙ

ከሁሉም አማራጮች በፊት ያለው ንጽህና ነው። አሰልቺ ነው፣ ፎቶም አይወጣለትም፣ ግን በደንብ የተጸዳ ኦሪጅናል ካሊፐር ከቆሸሸ ውድ ካሊፐር ይበልጣል።

ካሊፐሩን የፊት ጎማውን ከያዘው ሹካ ላይ ፍቱት፣ ሸራዎቹን አውጡ። በሸራዎቹ ቦታ አንድ ቀጭን እንጨት አስገቡና ሌቨሩን በጣም በቀስታ ጎትቱት። ዓይናችሁን ፒስተኖቹ ላይ አድርጉ። አራቱም እኩል መውጣት አለባቸው። ብዙ ጊዜ የምታዩት ግን ሁለቱ ሲገፉ፣ አንዱ ሲያንገራግር፣ አንዱ ደግሞ ከነጭራሹ ንቅንቅ ሳይል ነው። በጎኑ ላይ የደረቀ ጥቁር የሸራ ብናኝና የመንገድ ጨው ክምር አለ። የሚሠሩትን በጣታችሁ ያዙና ሌቨሩን ስትጎትቱ ሰነፉ ብቻውን እንዲወጣ አስገድዱት፣ ጎኑን በሳሙና ውሃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹት፣ አድርቁት፣ ንጹሕ የፍሬን ዘይት ቀባ አድርጋችሁ መልሳችሁ አስገቡት። ደጋግሙት። መልሳችሁ ስትገፉት በእጅ ጣት ብቻ ከገባ ጥሩ ነው። በጉልበት ካልሆነ የማይገባ ከሆነ ወይም ገጹ ላይ የዝገት ቁስል ካለ ጎሚኒዎቹን፣ ማለትም ዘይቱን የሚያግዱትን የጎማ ቀለበቶች፣ ምናልባትም ፒስተኑን መቀየር ነው። ቆሻሻውን ሳያጸዱ ፒስተኑን መልሶ መግፋት ጎሚኒውን ያበላሻል፣ ሸራ ሲቀይሩ ብዙዎች የሚያደርጉት ግን ይህንኑ ነው።

አነስ ያሉ የስፖርት ሞተሮች፣ ለምሳሌ ኒንጃ 400፣ ፊት አንድ ዲስክ ብቻ ነው ያላቸው፣ ካሊፐሩም በፒን ላይ ወዲህ ወዲያ የሚንሸራተት ዓይነት ነው። እነሱ ላይ ከፒስተኑ በላይ የሚያስቸግረው የመንሸራተቻ ፒኑ መድረቅ ነው። አጽዱት፣ የሲሊኮን ግሪስ ቀቡት። አንዱ ሸራ አልቆ ሌላው ገና ወፍራም ሆኖ ካገኛችሁት ጉዳዩ ይህ ነው።

ዘይት፦ ርካሹ ማሻሻያ

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ውሃ ሲገባበት የመፍያው ሙቀት ይወርዳል። ዕቃው ላይ የምታዩት ዶት የሚለው ደረጃ ዝቅተኛውን የመፍያ ሙቀት ነው የሚናገረው። ዶት 4 አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ውሃ ሲጠጣ ደግሞ 155 ነው። ዶት 5.1 አዲሱ 260፣ ውሃ የጠጣው 180። «ውሃ የጠጣ» የሚባለው 3.7 በመቶ ውሃ የገባበት ነው። ከዚህ በላይ ለሩጫ ተብለው የሚሸጡ፣ አዲስ ሲሆኑ ከ300 ዲግሪ በላይ የሚቋቋሙ ዶት 4 ዘይቶች አሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ዶት 5 እና ዶት 5.1 ስማቸው ቢቀራረብም ዘመድ አይደሉም። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፣ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፣ በተለይ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) ያለው ሞተር ላይ አታስገቡት። ዶት 4 እና 5.1 ግን አብረው ይሄዳሉ።

የትኛው ይሻላል? መንገድ ላይ ብቻ ለሚነዳ ሰው ጥሩ ዶት 4 ወይም 5.1 ከበቂ በላይ ነው፣ በየሁለት ዓመቱ ከተቀየረ። ያማሃና ሱዙኪ በሰርቪስ መመሪያቸው የሚሉት ሁለት ዓመት ነው። ሩጫ ሜዳ ለሚገባ የሩጫውን ዓይነት ውሰዱ፣ ግን ቶሎ ቶሎ መቀየር ይፈልጋል። ውድ ዘይት ገዝቶ ሦስት ዓመት መተው ርካሹን በጊዜው ከመቀየር ያንሳል። ሌላው ጉዳይ፣ ይህ ዘይት ቀለም ይበላል። ታንከሩ ላይ ጠብ ካለ ወዲያው በውሃ እጠቡት።

ሸራ፦ ልዩነቱ ቶሎ የሚሰማው እዚህ ነው

ለአንድ ዕቃ ብቻ ገንዘብ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ሸራ ነው የምለው። ያለ ምንም ማመንታት። የሞተሩን ጠባይ በአንድ ከሰዓት ይቀይራል፣ ካልተመቸም ወጪው አያስቆጭም።

ሦስት ዋና ምርጫ አለ። ኦርጋኒክ የሚባለው ከቃጫና ከሙጫ የተሠራ ነው። ለስላሳ ነው፣ አያንጫጫም፣ ዲስክ አይበላም፣ ጉልበቱም ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። ግን ቶሎ ያልቃል፣ በጣም ሲግል ይሸነፋል። ሲንተርድ የሚባለው የብረታ ብረት ዱቄት በሙቀትና በግፊት ተጋግሮ የሚሠራ ነው። ሙቀት ይችላል፣ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ዝናብ ላይም ይይዛል፤ በ1970ዎቹ የነበሩ የማይዝግ ብረት ዲስኮች ሲረጥቡ የሚያስደነግጥ ነገር ነበራቸው፣ ያንን ችግር በዋናነት የፈታው ይህ ዓይነት ሸራ ነው። አብዛኞቹ የስፖርት ሞተሮች ከፋብሪካ የሚመጡትም በእሱ ነው። በሌላ በኩል ዲስክ ቶሎ ይበላል፣ የድሮ የብረት ቅልጥ ዲስክ ላይም መግጠም የለበትም።

ሦስተኛው የሩጫ ሸራ ነው። ሩጫ ሜዳ ላይ ወደር የለውም። መንገድ ላይ ግን አንዳንዱ እስኪሞቅ ድረስ በደንብ አይይዝም፣ ከሁሉ በፊት ፍሬን የምትፈልጉት ደግሞ ጠዋት ከቤት ስትወጡ፣ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሰው ድንገት ሲገባባችሁ ነው። ጓደኛችሁ «የእሽቅድምድም ነው» ብሎ የሰጣችሁን ሸራ ለዕለት ተዕለት አትግጠሙ። ለመንገድም ለሜዳም ተብሎ የሚሠራ መካከለኛ አለ፣ እሱን ፈልጉ።

ጀርባው ላይ ያሉት ሁለት ፊደላትስ? ጂጂ፣ ኤችኤች የሚሉት የሰበቃ መጠን ደረጃ ናቸው። የመጀመሪያው ፊደል በመደበኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው ሲግል ያለውን ይናገራል። ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55፣ ኤች ከ0.55 እስከ 0.65 ነው። ታዲያ ሁለቱም ኤችኤች የተባሉ ሸራዎች አንዱ 0.56 ሌላው 0.64 ሊሆን ይችላል፤ ፊደላቸው አንድ፣ ጠባያቸው ሌላ። ደግሞም ፊደሉ ገና ሲነካ ይናከሳል ወይስ ቀስ ብሎ ይመጣል የሚለውን አይነግራችሁም። ይህ ደግሞ የምርጫ ጉዳይ ነው። ኃይለኛ የመጀመሪያ ንክሻ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሲሞክሩት ያስደስታል፣ እርጥብ መንገድ ላይ ግን ያስጨንቃል። እኔ ቀስ ብሎ የሚመጣውን እመርጣለሁ፣ እሽቅድምድም የሚወዱ ጓደኞቼ ይስቁብኛል።

ቱቦ፦ ከተወራለት ያነሰ፣ ከሚገመተው የበለጠ

ከፋብሪካ የሚመጣው የጎማ ቱቦ ግፊት ሲበዛ በጥቂቱ ይነፋል። ሲያረጅ ደግሞ ይብሳል። ውስጡ ቴፍሎን ሆኖ ውጭው በማይዝግ የብረት ሽቦ የተጠለፈው ቱቦ ግን መነፋቱ በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ ጣታችሁ የገፋው ዘይት ቱቦ ሲያሳብጥ አይቀርም፣ ፒስተን ይገፋል። ሌቨሩ ጠንከር፣ አጠር ይላል።

የፍሬን ጉልበት ግን አይጨምርም። ይህ መታወቅ አለበት። በዚያው ግፊት ሸራው ላይ የሚደርሰው ኃይል ያው ነው፣ የሚቀየረው ስሜቱ ብቻ ነው። ቱቦ ቀይሮ «ፍሬኑ እጥፍ ሆነ» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ አብሮ አዲስ ዘይት አስገብቷል፣ አየሩንም አስወጥቷል፣ ግማሹ ለውጥ የመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ ቱቧችሁ አዲስ ከሆነ ቸኩላችሁ አትቀይሩት። አራት ዓመት ካለፈው ግን ያማሃና ሱዙኪም መቀየር አለበት ነው የሚሉት፣ መቀየሩ ካልቀረ ደግሞ የብረቱን ግዙ።

ስትመርጡ ላስቲክ የተለበጠውን ውሰዱ። ሽቦው ባዶውን ከሆነ እንደ ሞረድ ነው፣ የነካውን ፕላስቲክና ቀለም ሁሉ ይፍቃል። ርዝመቱን ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ፦ መሪው እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ ሲዞር፣ የፊት ጎማው ከመሬት ተነስቶ ሹካው ሙሉ በሙሉ ሲረዝም፣ ቱቦው መወጠር የለበትም። የመዳብ ሮንዴላዎቹን አዲስ አድርጉ። የድሮዎቹን መልሶ ማሰር ሳንቲም ቆጥቦ ፍሬን ማጣት ነው።

ማስተር ሲሊንደር፦ ሒሳቡን ሳትሠሩ አትግዙ

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው ባይ ነኝ። ስሜትን በእውነት የሚቀይረውም ይህ ዕቃ ነው፣ ካሊፐር ከመግዛት በፊት የምመክረው እሱን ነው። ግን ልኩ ካልተገጣጠመ ጥሩ የነበረውን ያበላሻል።

አክሲያል የሚባለው የድሮ ዓይነት ፒስተኑ ከመሪው ጋር ጎን ለጎን የተኛ ነው፣ ሌቨሩ በማዕዘን ዞሮ ነው የሚገፋው። ራዲያል ላይ ፒስተኑ ከመሪው ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፣ ሌቨሩ በቀጥታ ይገፋዋል። የሚባክነው ሰበቃ ያነሰ ስለሆነ ስሜቱ ንጹሕ ነው። ከአክሲያል ወደ ራዲያል መሄድ በአሮጌ ሞተር ላይ ደስ የሚል ለውጥ ነው።

አሁን ልኩ። ማስተሩ ላይ የሚጻፈው 16፣ 17፣ 19 የፒስተኑ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ትልቅ ሲሆን ይሻላል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው፣ ግን ተገላቢጦሽ ነው። የ16ቱ ፒስተን ገጽ 201 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፣ የ19ኙ ወደ 284። ካሊፐሩን ሳትነኩ፣ የሌቨሩ ርቀት ሳይቀየር፣ ከ16 ወደ 19 ብትሄዱ ያንኑ ግፊት ለማግኘት በ41 በመቶ የበለጠ ጉልበት መጎተት አለባችሁ። ሌቨሩ የሚሄደው ርቀት ያጥራል፣ ጠንካራ ይሆናል፣ ሱቅ ውስጥ ሲጨብጡት «ዋው» ያሰኛል፤ መንገድ ላይ ግን የደረቀ ነው። ትንሽ ማስተር ተቃራኒው ነው፦ በትንሽ ጉልበት ብዙ ግፊት ይሰጣል፣ ግን ሌቨሩ ሩቅ ይሄዳል፣ ከበዛ መሪውን ይነካል።

ሁለተኛው ቁጥር አለ። 19 በ18፣ 19 በ20 ሲባል የኋላኛው ሌቨሩ ከሚዞርበት ነጥብ እስከ መግፊያው ያለው ርቀት ነው። 18 ሲሆን ጉልበቱ ይቀላል፣ ጉዞው ይረዝማል። 20 ሲሆን ይጠነክራል። አርሲኤስ የሚባለው የብሬምቦ ማስተር የተወደደው ይህንን በዊንዲ ብቻ ከ18 ወደ 20 ማዞር ስለሚቻል ነው። 15፣ 17 እና 19 አለው። በጥቅሉ ለአንድ ዲስክ 15ቱ፣ ለሁለት ዲስክ ከትንንሽ ፒስተን ካሊፐሮች ጋር 17ቱ፣ ፒስተናቸው ከፍ ካለ ጋር 19ኙ ይሄዳል። ስሙ ስለገነነ አስመስለው የተሠሩም ገበያው ላይ አሉ፣ ዋጋው ከሚታመነው በታች ከሆነ ተዉት። ፍሬን ላይ አይቀለድም።

ያገለገለ ዕቃ ለሚፈልግ፣ ከሌላ የስፖርት ሞተር የወጣ ራዲያል ማስተር በጣም ጥሩ ምርጫ ነው። ጎሚኒውን ቀይሩ፣ ልኩን አረጋግጡ፣ የፍሬን መብራት ማብሪያው ከእናንተ ሽቦ ጋር የሚገጥም መሆኑንም እዩ።

ካሊፐር

ፒስተን ሲበዛ ይሻላል የሚለውን ታሪክ ራሱ መልሶታል። ሱዙኪ በ1996ቱ ጂኤስኤክስ-አር 750 እና በ1999ኙ ሃያቡሳ ላይ ቶኪኮ የተባለ አምራች የሠራውን ባለ ስድስት ፒስተን ካሊፐር ገጥሞ ነበር። ስድስት ፒስተን ማለት ሊጣበቁ የሚችሉ ስድስት ነገሮች ማለት ነው፣ ባለቤቶቻቸው ጠንቅቀው ያውቁታል። በ2003 ጂኤስኤክስ-አር 1000 ሲመጣ ወደ አራት ፒስተን ተመልሶ፣ አስተሳሰሩ ራዲያል ሆኖ ነው። በዚያው ዓመት ካዋሳኪ ዜድኤክስ-6አርም ራዲያል ያዘ።

ራዲያል አስተሳሰር ላይ ቡሎኖቹ ካሊፐሩን ከፊት ወደ ኋላ ነው የሚያስሩት፣ ከጎን አይደለም። ካሊፐሩ በጭነት ጊዜ የሚጣመመው ያንሳል። ሞኖብሎክ ደግሞ ከሁለት ግማሽ በቡሎን የተጋጠመ ሳይሆን ከአንድ ብረት የተቀረጸ ነው፤ ዱካቲ በ2007 1098 ላይ የብሬምቦን ሞኖብሎክ ይዞ መጥቶ ነበር፣ በ2018 ፓኒጋሌ ቪ4 ላይ የመጣው ስታይሌማም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ጠንካራ፣ ቀላል፣ ቆንጆ። ቆንጆነቱን አልክድም።

ግን ሁለት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው የቡሎን ርቀት። ራዲያል ካሊፐሮች በአብዛኛው በ100 ወይም በ108 ሚሊ ሜትር ነው የሚመጡት፤ የጃፓን ሞተሮች 108፣ የጣሊያኖቹ 100 ይበዛሉ። ሳትለኩ አትክፈሉ። ሁለተኛው ሒሳቡ ነው፣ እንደገና። ኦሪጅናሉ ካሊፐር 32 ሚሊ ሜትር ፒስተን ከነበረውና ስታይሌማ ባለ 30 ብትገጥሙ የፒስተኑ ገጽ በ12 በመቶ ይቀንሳል። ማስተሩ ካልተቀየረ በዚያው የጣት ጉልበት 12 በመቶ ያነሰ ነው የምታገኙት። ውድ ካሊፐር ገዝቶ «ከበፊቱ አነሰብኝ» የሚል ሰው ብታገኙ እብድ አይደለም። ማስተሩ አልተከተለም ማለት ነው።

አሮጌ፣ ራዲያል ያልሆነ ሹካ ላላቸው ደግሞ አንድ የቆየ ብልሃት አለ። ከ1998 ጀምሮ ያማሃ አር1 ላይ የነበረው ሱሚቶሞ ባለ አራት ፒስተን ካሊፐር ከአንድ ብረት የተሠራ ነው፣ በጎን ነው የሚታሰረው፣ እስከ ዛሬ ያስከብራል። ሹካችሁ ላይ የሚገጥም ከሆነ ያገለገለውን ገዝታችሁ ጎሚኒውን አድሱ፣ አዲስ ካሊፐር የሚመኙትን አትስሟቸው።

ዲስክ

ዲስክ የሚቀየረው ሲያልቅ ወይም ሲበላሽ ነው፣ እንደ ማሻሻያ መጨረሻ ላይ ነው የማስቀምጠው። ዝቅተኛው ውፍረት ራሱ ላይ ተቀርጿል፣ ለኩት። ከ300 ወደ 320 ሚሊ ሜትር መሄድ 7 በመቶ ገደማ ጉልበት ይጨምራል፣ ሙቀትም የተሻለ ይሸከማል፣ በአንጻሩ ክብደቱ መሪው ላይ ይሰማል። ራዲያል ካሊፐር ከሆነ የልዩነቱን ግማሽ፣ 10 ሚሊ ሜትር ማራራቂያ ሥሩ ገብቶ ይሠራል። የአበባ ቅርጽ ያለው ዲስክ መልኩ ያምራል፣ መንገድ ላይ ልዩነቱን የሚለይ ጣት ግን አላየሁም።

ለሚንቀጠቀጥ ሌቨር ግን «ዲስኩ ጠመመ» ብላችሁ አትቸኩሉ። ብዙውን ጊዜ ሸራው ዲስኩ ላይ ያስቀረው ሽፋን እኩል ሳይሆን ሲቀር ነው የሚንቀጠቀጠው። ዲስኩን በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ አሹት፣ ሸራውንም እንዲሁ፣ እንደ አዲስ አለማምዱት። የሚንሳፈፍ ዲስክ ከሆነ መሃሉን ከዳሩ የሚያያይዙት ቁልፎች በብናኝ ተይዘው እንደሆነ እያዞራችሁ ፈትሹ። ካልሆነ በመለኪያ ሰዓት መጣመሙን ለኩት፤ የሚፈቀደው እንደ አምራቹ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ነው።

ታዲያ ለማን የቱ?

ሞተሩ ዘመናዊ፣ አነዳዱ መንገድ ላይ ብቻ ከሆነ፦ ጽዳት፣ አዲስ ዘይት፣ ጥሩ የመንገድ ሲንተርድ ሸራ። እዚያ ላይ ቁሙ። ጎማችሁ ካረጀ ደግሞ ቀሪውን ገንዘብ ለጎማ አድርጉት፣ እውነቴን ነው፣ የመቆሚያ ርቀታችሁን ከካሊፐር ይበልጥ ያሳጥረዋል።

ሩጫ ሜዳ የምትገቡ ከሆነ መጀመሪያ የሩጫ ዘይት፣ ከዚያ ለሙቀት የተሠራ ሸራ፣ ከዚያ የብረት ቱቦ፣ ከዚያ ራዲያል ማስተር። ካሊፐሩ እነዚህ ሁሉ ኖረው አሁንም ሌቨሩ ከዙር ዙር እየተቀያየረ ካስቸገረ ነው።

ሞተሩ የ1990ዎቹ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል ማለት ይቻላል። ቱቦው ያረጀ ስለሆነ መጀመሪያ ቱቦ፣ ከዚያ ጎሚኒ፣ ከዚያ ማስተር። ባለ ስድስት ፒስተን ካሊፐር ካለው በአራት መተካት ውበት ብቻ አይደለም፣ እፎይታም ነው።

ኤቢኤስ ያላቸው ሸራና ዘይት እንደ ልባቸው ይቀይሩ። ቱቦ ሲሆን መስመሩ ወደ ኤቢኤሱ ሳጥን ስለሚገባ ቁጥሩ ይበዛል፣ አንዳንዱ ሞዴል ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ የገባ አየር የሚወጣው በኮምፒውተር መመርመሪያ ብቻ ነው። የካሊፐርና የማስተር ልክ መቀየር ላይ በጣም ተጠንቀቁ፣ ኤቢኤሱ የተስተካከለው ለኦሪጅናሉ ልክ ነው።

ከገጠማችሁ በኋላ

አየር ስታስወጡ ከካሊፐሩ በኋላ ማስተሩ ጋ ያለውን መጋጠሚያም አትርሱ። አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ ብዙ ጊዜ የሚደበቀውም እዚያ ነው። ሁሉን አድርጋችሁ ሌቨሩ አሁንም ትንሽ ልስልስ ካለ ጎትታችሁ መሪው ላይ እሰሩትና አሳድሩት፣ ጠዋት ላይ ብዙ ጊዜ ይጠነክራል። ከቆመበት ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ሌቨሩን መታ መታ አድርጋችሁ ሸራው ዲስኩ ጋ መድረሱን አረጋግጡ፤ ካሊፐር ተፈቶ ከታሰረ በኋላ የመጀመሪያው ጭብጥ ባዶ ነው፣ ብዙ ሰው ግድግዳ የመታው በዚህ ነው።

አዲስ ሸራ ደግሞ መለማመድ አለበት። ባዶ መንገድ ፈልጉ፣ ከ60 ወደ 10 ኪሎ ሜትር ቀስ ብላችሁ ያዙ፣ ልቀቁ፣ ትንሽ ሂዱ ይቀዝቅዝ፣ ድገሙ፣ ቀስ በቀስ ጠበቅ እያደረጋችሁ ሂዱ። ጨርሶ መቆምና ሌቨሩን ይዞ መቆየት የለም፤ የጋለ ሸራ በአንድ ቦታ ላይ ታትሞ ይቀራል፣ ያ ደግሞ በኋላ ለሚመጣው መንቀጥቀጥ መነሻ ነው። ቤት ስትደርሱ ዲስኮቹ እስኪቀዘቅዙ ጠብቁና የካሊፐሩን ቡሎኖች መመሪያው በሚያዘው ልክ በቶርክ ቁልፍ ደግማችሁ ፈትሹ፣ መጋጠሚያዎቹንም በደረቅ ጨርቅ ጠረግ አድርጋችሁ የሚያዝ ነገር ካለ እዩ።